ለኮምፒውተሩ የሰፋሁት ካፖርት

በእኛ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው፣ ፍሪጁ ልብስ አለው፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት እንኳ ኪስ ያለው ልብስ አለው፤ ትርፍ ባትሪ ይቀመጥበታል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከደንበኛ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ መጣል አይሆንልኝም፣ እጄም ባዶውን መቀመጥ አያውቅበትም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ «አንድ ቀን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ከወሰደኝ እኔንም አብረሽ ትሰፊኛለሽ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ነፍሱን ይማረው፣ ሶፋውን ከነእሱ የማለብስበት ቀን ሩቅ እንዳልነበር ያውቃል።

የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተሩ ልብስ ነው። ስለ ምራቴም ነው። ሁለቱን ነጣጥዬ ማውራት አልችልም።

ምራቴ ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ስል ቁጥብ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ እግሯን ረግጣችኋት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ልጄ የጭነት መኪና ይነዳል፣ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም፤ ስለዚህ ቤቱ የእሷና የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። እሷ ዝም ትላለች፣ እኔ የሷንም ድርሻ ጨምሬ አወራለሁ። የምትጠራኝ «እትዬ» ብላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ ይለኛል፣ ደንበኛው ሁሉ እትዬ ይለኛል፣ እሷም እትዬ። ወቅሻት አላውቅም። አንዳንዴ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይቆጠቁጠኝ ነበር።

የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ሒሳብ ተቀባይ ናት። ነጭ ጋዋን ለብሰው መድኃኒት የሚሰጡት ከኋላዋ ይቆማሉ፣ እሷ በመስኮቱ ደረሰኝ ትቆርጣለች። እንዲህ ተቀምጣ ጆሮዋን ጥላ ስትሰማ፣ የየብልቃጡን ወረቀት ስታነብ ኖራ ኖራ፣ አንድ ቀን እራት ላይ፣ «እትዬ፣ የፋርማሲ ትምህርት ቤቱን መግቢያ ፈተና ልፈተን አስቤ ነበር፤ ካላስቸገርኩ» አለችኝ። ካላስቸገርኩ! ደሜ ፈላ። «ማንን ነው የምታስቸግሪው?» ብዬ ስጮህባት ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። የጮህኩት በደስታ መሆኑን ለማስረዳት እራቱ እስኪቀዘቅዝ ደከምኩ።

ከዚያ ወዲያ ለሰፈሩ ያልነገርኩት የለም። ልክ ሊለካ የሚመጣ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ ስለ ምራቴ ሳይሰማ አይሄድም። መርፌ በወገቡ ላይ ሰክቼበት ወዴት ይሄዳል? «ሬዲዮ» እያልን የምንጠራት ጎረቤቴ ብቻ፣ «በዚህ ዕድሜዋ ትምህርት?» አለችኝ። «አዎ፣ በዚህ ዕድሜዋ! ስታልፍ መጀመሪያ ላንቺ ነው የምናገረው፤ ሰፈሩን ለማዳረስ ይቀለኛል» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ፣ ደረቴን ነፍቻለሁ፤ ልጅቷም ታሳፍረኛለች ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አልተጠራጠርኩም።

ፈተናው እቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚሠራ ነው። የፈተናው ቢሮ አንድ ፕሮግራም ይልካል፤ ተፈታኟ እሱን ኮምፒውተሯ ላይ ትጭናለች፤ ከዚያ ፕሮግራሙ በካሜራ ያያታል፣ በማይክ ይሰማታል፣ እንዳትኮርጅ ይጠብቃታል። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው መኖር የለበትም። የተሰጣት የምሥጢር ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ ከገባበት ኮምፒውተር በቀር በሌላ ላይ አይሠራም። ይኼን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳችኝ። እኔ ከሁሉ የገባኝ «ካሜራ» የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ በካሜራ ሊታይ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ መልበስ አለበት።

ኮምፒውተራችን ሳጥኑ ለብቻ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ዕድሜ የጠገበ ነው። እስከዚያ ድረስ ስስ የአቡጀዲ ሽፋን ነበረው። ለፈተናው ግን ከአንድ ደንበኛ ካፖርት የተረፈ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ አወጣሁ፣ ገበር አደረግሁለት፣ ኮሌታ አወጣሁለት። ማብሪያው ጋ የቁልፍ ቀዳዳ ሠራሁ፣ ከፊት ለፊት መብራቱ እንዲታይ ትንሽ መስኮት፣ ከኋላ ደግሞ ለገመዶቹ ማሾለኪያ። ልኩ ልክክ አለ። እንዳይንሸራተት ብዬም ጀርባውን ከላዩ ላይ እንዳለ በእጄ ሰፍቼ ዘጋሁት። ምራቴ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እትዬ፣ በጣም ያምራል» አለች። ያምራል እንጂ! ሱቅ ውስጥ አይገኝም።

እዚህ ላይ ስለ እኔ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ያለቀ ልብስ ላይ መቀስ አላሳርፍም። ወፈርኩ፣ ከሳሁ የሚል ሌላ ሰፊ ይፈልግ። አንዴ አንዲት ነርስ የሰፋሁላትን ካፖርት ይዛ መጥታ፣ «እትዬ፣ ከታች ቆረጥ ያድርጉልኝ» ብትለኝ እስከ ደጃፍ ድረስ እየተቆጣሁ ነው የሸኘኋት። ምራቴ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች። ጥግ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

የፈተናው ዕለት በጠዋት ተነሳን። ፈተናው ከሰዓት በኋላ ነው። ፕሮግራሙ የተላከው ዋዜማውን ስለሆነ ጠዋት እንጭነዋለን፣ ምሳ እንበላለን፣ ትፈተናለች፤ እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነበር። እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከኋላዋ። ከአጠገቧ ፈቀቅ አላልኩም።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም አለ። «እንዴት ቦታ የለውም? ይኼን የሚያህል ሳጥን!» አልኩ። ከፍታ ብታየው ልጄ የቡጢ ፊልም ሞልቶበታል። ደወለችለት። «አጥፊው፣ ግን ያ ቀዩ ቁምጣ ያለበትን ተይልኝ» አላት። ስልኩን ቀማኋትና፣ «ቀዩን ቁምጣ መጀመሪያ ነው የምናጠፋው!» አልኩት። አጠፋንለት። ቦታ ተገኘ።

ቀጥሎ የቫይረስ መከላከያው ይኼን ፕሮግራም አላውቀውም ብሎ በር ላይ አገተው። እሱንም አግባባችው። ከዚያ መጫን ጀመረ፤ አንድ አረንጓዴ መስመር እየተሳበ፣ ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። ስልሳ ምናምን በመቶ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ጭልም አለ። ሳጥኑም እፍ ብሎ ጠፋ።

ኤሌክትሪክ የሄደ መስሎኝ ቀና ብል አምፖሉ ይበራል። ሶኬቱን ነቅላ ሌላ ላይ ሰካችው። እንደገና አበራች፣ እንደገና ጀመረች፣ እንደገና እዚያው ስልሳው ጋ ጠፋ። እኔ ሶኬቱንም ቀይሪ፣ ገመዱንም ቀይሪ፣ ካሜራውንም ንቀይ እያልኩ ከኋላዋ መዓት አዘዝኩ። እሷ ዞር ብላ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ «እትዬ፣ አንድ በአንድ ነው። ለበሽተኛ ሁለት አዲስ መድኃኒት ባንዴ ከተሰጠው የትኛው እንዳሻለው፣ የትኛው እንደጎዳው አይታወቅም» አለችኝ።

ይኼን የተናገረችው ሒሳብ ተቀባይዋ ናት! ያኔውኑ በሩን ከፍቼ ሬዲዮን ልጠራት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ሁሉ ግን ግራ ገባኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ዝም ብላ ታየዋለች። እጇን ከሳጥኑ ጀርባ ሰደድ አድርጋ ቶሎ ትመልሳለች። መስኮቱን ከፈተች። መጋረጃውን ደግሞ ዘጋች፣ ፀሐይ እንዳይመጣ። ከዚያ ማራገቢያውን አምጥታ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረችው።

«የሞቀን እኛ ነን ወይስ እሱ?» አልኳት።

«ለሁላችንም ይድረስ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ለሁላችንም ሊደርስ ቀርቶ እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ። ካርቶን ቀዳ ታራግብለት ጀመር። ለኮምፒውተር! ፈተናው አናቷ ላይ ወጣ፣ ልጅቷን ምን አገኘብኝ አልኩ። ሞከረች፤ ቁጥሩ አሁን ሰባ ደረሰና ጠፋ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከኢንተርኔት እንደገና አወረደችው። እሱም ያው ነው።

ለፈተናው ቢሮ ደወልን። አንዲት ሴት፣ «እባክዎ ይጠብቁ» አለችን። ጠበቅን። «እባክዎ ይጠብቁ» አለችን። «እየጠበቅን ነው አልንሽ እኮ፣ እመቤቴ!» ብዬ ጮህኩባት። ምራቴ ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ የተቀዳ ድምፅ ነው» አለችኝ። ይሁን፣ ለቀዳትም ይድረሰው። በመጨረሻ አንድ ወጣት አነሳ። ነገሩን ሰማና፣ «ፈተናው ሲጀመር ፕሮግራሙ ካልተጫነ ሲስተሙ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመዘገቡት ለከርሞ ነው» አለ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዳትሞክር ደግሞ ቁጥሩ እዚህኛው ላይ ተቆልፏል። «እሺ፣ አመሰግናለሁ፤ ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» ብላ ዘጋች። ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ!

ከርሞ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዘንድሮ መድኃኒት ቤቱ ግማሽ ቀን ሠርታ እንድትማር ፈቅዶላታል፤ ከርሞ ይፈቅዳል ያለ የለም። ደግሞም እሷን አውቃታለሁ። እንደገና አፏን ከፍታ «ልፈተን» ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጅባታል? እንዲያውም አትልም። ደረሰኟን እየቆረጠች ትኖራለች፣ ሰው ሲጠይቃት «ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ» ትላለች፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

«ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ» አልኳት። ታዛዥ ናት፣ ተነስታ ሄደች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ከኮምፒውተሩ ጋር ቀረሁ። ስትነካካው ኮሌታው ተጣሞ ነበርና ላስተካክለው ጠጋ አልኩ። ግራ እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ፤ አሳርፌም ቶሎ አነሳሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ካውያ ይዤ ኖሬያለሁ። ጨርቅ ከውስጥ ሲግል በገበሩ በኩል እንኳ አውቀዋለሁ። ያ ሱፍ ካውያ አሁን የተነሳለት ሱሪ ነው የሚመስለው። ጎንበስ ብዬ በገመዶቹ ማሾለኪያ ውስጥ አየሁ። የሳጥኑ ጀርባ ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳዎቹ ኋላ አንድ ትንሽ ማራገቢያ አለ። በቀዳዳው ሁሉ ላይ ደግሞ የኔ ገበር ለጥ ብሎ ተኝቶበታል።

ምራቴ ፊቷ ውሃ እያንጠባጠበ ገባች። እጄ የት እንዳለ አየችና ቆመች።

«ይሄ ነገር ግሏል» አልኩ።

«ትንሽ…»

«ትንሽ? እንቁላል ይጠብሳል! ሲግል ነው የሚጠፋው?»

ወለሉን አየች። «እንዳይቃጠል ራሱን በራሱ ያጠፋል። ድሮ ፊልም ሲታይበት ብዙም አይሠራም። ይኼ ፕሮግራም ግን ከባድ ነው፤ ሲጭን ብዙ ይሠራል፣ ይሞቃል። ሙቀቱ የሚወጣው ከኋላ በኩል…» አለችና አቋረጠችው።

«ከኋላ በኩል ምን?»

ኮሌታውን አየች።

«ካፖርቱ አፍኖታል በያ!»

ከአገጯ የሚንጠባጠበውን ውሃ ጠረገች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ፣ እትዬ።»

ማራገቢያው፣ መስኮቱ፣ መጋረጃው፣ ካርቶኑ ሁሉ ባንዴ ገባኝ። ጠዋቱን ሙሉ እኔን ላለመናገር ነው ስትደክም የዋለችው። እኔ ደግሞ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልኩላት፤ ዞር ብልላት እንኳ ካልተቆረጠ የሚወልቅ ልብስ አልሰፋሁም።

«ዓመትሽ እየሄደ እኮ ነው! እንዴት ዝም ትያለሽ?»

«ለፈተናው ብለው የሰፉልኝ ነው» አለች። «ከፈተናው ሁሉ በላይ እሱ ነው ደስ ያለኝ። እንዴት ብዬ ይቁረጡት ልበል? ያለቀ ልብስ ላይ ደግሞ…»

ይሉኝታ እንዲህ ያደርጋል። ሰው ዓመቱን፣ ትምህርቱን፣ ያሰበውን ሁሉ አጣጥፎ ይሰጥና፣ አንዲት አሮጊት ቅር እንዳይላት ካርቶን ይዞ ያራግባል። ተናደድኩ። በእሷ አልነበረም። በራሴም ብቻ አልነበረም። አንጀቴን በላችው፤ እንዲህ አድርጎ ማንም አስቦልኝ አያውቅም፣ እንዲህ ያለ ውለታ ደግሞ አልፈልግም። ሌላው ንዴቴ ደግሞ የሙያ ነው። የሰው ደረት ስለካ «ተንፍሺ» ብዬ፣ ትንፋሹ ሲሞላ አይቼ ነው ሜትሩን የምጠብቀው። ብብት ላይ ልቅ አደርጋለሁ፣ ወገብ ላይ ለምሳ ቦታ እተዋለሁ። ይኼንን ግን ይተነፍሳል ብዬ መች አሰብኩት! ያን ሁሉ ዓመት የሰፋሁ ሰው!

ትልቁን መቀስ አነሳሁ።

«እትዬ፣ አይሆንም!» ብላ እጄን ያዘችኝ። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ስትይዘኝ መሆኑ ነው።

«ልቀቂኝ። ልብሱ የኔ ነው፣ መቀሱም የኔ ነው፣ ሕጉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ከገመዶቹ ማሾለኪያ ጀምሬ ሽቅብ ቀደድኩት። ሱፉን፣ ገበሩን፣ ያንን በእጄ የዘጋሁትን ስፌት፤ ዞር አድርጌ የጀርባውን ሙሉ ቁራጭ አነሳሁት። ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። ሳጥኑ ሲተነፍስ ሰማሁት ብላችሁ አታምኑኝም፤ ጠፍቶ ነው የነበረው፣ የተነፈስኩት እኔ እሆናለሁ።

እኔ ቶሎ አብሪው ብዬ ወዲያው ጀመርኩ። «ትንሽ ይብረድ» አለችኝ። «አሁን ከተቻኮልን መልሶ ይግላል፣ ምክንያቱ የቱ እንደሆነም አናውቅም።» ሰዓቱ እየበረረ፣ ፈተናው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ እሷ እጇን አጣጥፋ አንድ በአንድ ትላለች! ብረቱን በእጇ ጀርባ ነካ እያደረገች ጠበቀች፤ የልጅ ትኩሳት የምታይ ነው የምትመስለው። ምሳ አልበላንም። እኔ ጥፍሬን በላሁ።

አበራችው። አረንጓዴው መስመር ተነሳ። ስልሳ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። «አለፈ» አለች በሹክሹክታ። ሰባ። ሰማንያ ላይ ቆም አለብን። ከዚያ እንደዋዛ መቶ ገባና፣ «ተጭኗል» የሚል ጽሑፍ መጣ። እኔ ጮህኩ። እሷ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ጠጋ ብል ትስቃለች። ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«በሉ፣ አሁን ከክፍሉ መውጣት አለብዎት» አለችኝ። ሊጀመር ጥቂት ነው የቀረው። ፀጉሯን አስተካከልኩላት፣ የተቆረጠውን የካፖርት ጀርባ ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁት።

የስፌት ክፍሌ ግድግዳ ይለየዋል እንጂ ጎኑ ነው። ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ማውራት አልችልም፣ ወሬ የለኝም፣ ሰው የለኝም። እጄ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም ብያችኋለሁ። ስፌት መኪናዬ ላይ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው የተማሪ ቤት ቀሚስ ነበር፤ አፌን ለመያዝ ስል እግሬን መርገጫው ላይ አደረግሁና ጠረርርር አደረግሁት። ልቤ እዚያኛው ክፍል ነው፤ ጆሮዬም እዚያው ነው፤ የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም።

በሩ ብርግድ አለ።

«እማዬ አቁሚው! ድምፁ ማይኩ ውስጥ እየገባ ነው፣ ፀጥታ ካልሆነ አይጀምርልኝም!»

በሩ ተመልሶ ድርግም አለ። ያቺ ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ በሩን ድርግም አደረገችብኝ! በስፌት መኪናዬ ላይ ባለቤቴ አዞኝ አያውቅም። ልጄ አዞኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ የቤት አከራይ ሞክሮ ነበር፣ የደረሰበትን እሱ ይናገር። እኔ እግሬን አነሳሁ። መርፌው ቀሚሱ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ቆይቼ ነው «እማዬ» ያለችው እኔን መሆኑ የገባኝ።

ወንበሬን ይዤ የውጭው በር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። የቆረጥኩትን የካፖርት ጀርባ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠርዙን በእጅ መርፌ መዘምዘም ጀመርኩ፤ የእጅ መርፌ አይጮህም። ደንበኛ መጣ፣ በእጄ ጣት ነገ አልኩት። ሬዲዮ መጣች። አፏን ስትከፍት መርፌውን ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁ። «ምንድነው?» አለችኝ በአፏ ቅርጽ ብቻ። ወደ ውስጥ አመለከትኳት። ሬዲዮ ተቀምጣ፣ ፈተናው እስኪያልቅ ከእኔ ጋር ዝም አለች። ይኼን ለሰፈሩ ብነግረው ማን ያምነኛል? ነጋሪዋም ራሷ ናት።

ምራቴ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «እንዴት ነው?» አልን ሁለታችንም። «ደህና ነው» አለች። ይኼው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ከጥያቄው አንድ አንዱን ይነግረን ነበር። እሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ምሳውን ማሞቅ ጀመረች፣ እኔም ሬዲዮን ለመሸኘት ተነሳሁ።

ፈተናውን አለፈች። ማለፍ ብቻ አይደለም፣ ከላይ ካሉት ውስጥ ናት። አሁን ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቤት፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት ነው። ነጭ ጋዋኗን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ደረቱን ስለካ ሁለቴ «ተንፍሺ» አልኳት። የኮምፒውተሩን ካፖርት አላወለቅኩትም። ጀርባው ክፍት ሆኖ ጠርዙ ተዘምዝሞለታል፣ ከቆረጥኩት ደግሞ ለካሜራው ባርኔጣ ወጥቶለታል። እንግዳ ሲመጣ ከፊት አላሳይም፤ ሳጥኑን አዙሬ ቀዳዳውን ነው የማሳየው። «ይኼንን ያገኘችው ምራቴ ናት፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ተመልሼ እትዬ ሆኛለሁ። እማዬ ያለችኝን እሷ አታስታውሰውም መሰለኝ፤ እኔም አላስታወስኳትም። ግድ የለኝም። ትናንት ማታ ደብተሯን ይዛ በስፌት ክፍሌ ስታልፍ ቆም አለች። ለሬዲዮ የምሰፋውን ካፖርት አየች፣ አንገቷን ጎንበስ አድርጋ አየች።

«እትዬ፣ ይኼ የግራው እጅጌ ዘሟል።»

«የት ዘመመ?»

«እዚህ ጋ» አለች፣ ጣቷን አሳረፈችበት። ይቅርታ አልጠየቀችም።

መነፅሬን አድርጌ አየሁት። እውነትም ዘሟል። ያለቀ ልብስ ነበር፤ ቁልፉ ሁሉ ተተክሏል። መቀሱን ከመሳቢያው አውጥቼ፣ ስፌቱን ፈታሁት።